«ቡና ጠጪበት፣ ይለቅሻል»

አዲስ አበባ ውስጥ ራሴን አመመኝ ላለ ሰው የመጀመሪያው ማዘዣ ቡና ነው። ካዛንቺስ ባለው መሥሪያ ቤታችንም «ሀራራ ነው፤ ውረጂና አንድ ስኒ ጠጪ» ይሉኛል። ሐሰት አይደለም፤ የለመደ ሰው ቡና ሲቀርበት ራሱን ያመዋል። እኔን ግን ቡናዬን ጠጥቼም ያመኛል። ግማሽ ራሴን ይወቅረኛል፣ ብርሃን እጠላለሁ፣ የሽሮ ሽታ ያስታውከኛል። በማግስቱ ደግሞ ደህና ሆኜ፣ ተኳኩዬ እገባለሁ። ጉዱ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። «ትናንት ልትሞት የነበረችው ይቺ ናት?»

የእኔ ዓይነቱ ራስ ምታት ሚግሬን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከኢትዮጵያውያን አዋቂዎች 17.7 በመቶውን ሚግሬን እንደሚያጠቃ አሳይቷል፤ ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ሚግሬን በደም ምርመራ አይገኝም፣ በራጅ አይታይም። ሐኪሙ የሚያውቀው በዋናነት ከታማሚው አፍ ነው። ውጤቱ ንጹሕ ሲሆን ግን ብዙ ሰው «ምንም የለብሽም» ብሎ ይተረጉመዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። የሐኪም ወረቀት ግን ያስፈልጋል። መጋረጃ ዘግታ የምታስታውክ ሴት ታክሲ ተጋፍታ፣ ካርድ አውጥታ፣ ወረፋ ጠብቃ ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ሕመሙ አልፎ ሊሆን ይችላል። አሠሪውንም አልፈርድበትም፤ ሳይታመም የሚቀር ሰው አለበት።

ያልታመነ ታማሚ ቀስ በቀስ ውሸት ይለምዳል። አንዱ ሲያመው አብዝቶ ያቃስታል፣ ካላጋነነ የሚሰማው የለማ! ሌላው ጭራሽ ዝም ይላል። ዝምታው የባሰ ነው። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እያለ ከፋርማሲ በሚገዛው ክኒን ይኖራል፤ «ሕመም ወዳጅ» እንዳይባል ሐኪም ፊት እንኳ የሚያመውን ቀን ቀንሶ ይናገራል።

በአሮጌው ካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች «ሕመሜን እመኑልኝ» የማለት ጣጣ አልነበረም። የጭቃው ግድግዳ ምንም አይደብቅም፤ ሌሊት ያቃሰተችውን ጎረቤት ሁሉም ሰምቷታል፤ ጠዋት «አመመሽ ወይ?» ሳይሆን «ተሻለሽ ወይ?» ነበር የምትባለው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ነዋሪው ገላን ጉራና ሌላም ቦታ ተበተነ። ያ ግድግዳ ይናፍቃል አልልም፣ ዝናብ ያስገባ ነበር። ግን ለስንት ዓመት ሕመም ምስክር የነበሩት ሰዎች አብረው ተበተኑ። አዲስ ጎረቤት ዘንድ መታመምን ከሀ ብሎ ማስረዳት ይደክማል።

እናም አንባቢዬ፣ ራሴን አመመኝ የሚል ባልደረባ ካለዎት ቡናውን ይጋብዙት። ከዚያ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያመው ይጠይቁት፣ ሳያቋርጡም ያድምጡት። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሕመም ማስታገሻ የሚውጥ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ይንገሩት፤ ሲበዛ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።