አማቴ «ዹጋ» ሲሉኝ

የሰሞኑ ደብዳቤ አጭር ናት። «እጮኛዬ የቡራዩ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ እሷ ታስተረጉምልኛለች። እናቷ ግን ቃል አይተነፍሱልኝም። ጠልተውኝ ይሆን?» ይላል፣ የአራት ኪሎ ልጅ ነው።

ወንድሜ፣ እኔም በዚያው በአምቦ መንገድ ብዙ ተመላልሻለሁና ስማኝ። የእኔዋ የገፈርሳ ልጅ ናት። እኛ አዲሳቤዎች የገፈርሳን ግድብ ውሃ እየጠጣን አድገን፣ ውሃ በኦሮምኛ ምን እንደሚባል የማናውቅ ስንቶች ነን? (ቢሻን ነው።)

መጀመሪያ የያዝኩት ከታክሲ ረዳት የሰማሁትን «አካም ጅርታ»ን ነበር። ሄጄ ለአባቷ አልኳቸው። ቤቱ ጸጥ! ለካ «እንዴት ነህ» ብያቸዋለሁ። ለትልቅ ሰው «አካም ጅርቱ» ነው የሚባለው። አባትየው ፈገግ ብለው አለፉኝ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከዚያ አስተማሪ ያዝኩ፤ ታናሽ ወንድሟን፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ማለት ነው፣ ስለሚጻፍ በመማሪያ መጽሐፉ ያስነብበኝ ጀመር። ለእኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ አያስቸግሩንም። ፈተናው ዸ እና የድምፁ ርዝመት ነው። «ለፈ» መሬት ነው፤ «ላፋ» ብለህ ከጎተትከው ለስላሳ ይሆናል። ተማሪው እኔ፣ ቆንጣጩ እሱ!

አንድ እሁድ እናቷ ወተት አቀረቡልኝና «ዹጋ» አሉኝ። እኔ የማውቀው «ዹጋ» ልጅቷ ስትምል የምትለው ነው፣ እውነት ማለት። ልጄን መውደድህ እውነት ነው ወይ ያሉኝ መስሎኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ዹጋ!» አልኩ። ብርጭቆውን ጠጋ አድርገው «ዹጋ» አሉ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዹጋ!» በሦስተኛው ልጁ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ለካ «ይጠጡ» ማለትም «ዹጋ» ነው። ለእኩያ ቢሆን «ዹጊ» ነበር፤ አማች ልሆን ነውና አክብረውኝ ነው።

እናትየው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያም ከስምንት ወር ዝምታ በኋላ፣ በአማርኛ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም እንዲሁ ነኝ» አሉኝ።

«አይዞሽ» አሉኝ፣ ወንዱን። ኦሮምኛ አንተና አንቺ ብሎ አይለይም፤ ለሁለቱም «አቲ» ነው። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ቅቤ ሊሸጡ ወርደው አንዱን ገዢ «አንቺ» ሲሉት ገበያው ሁሉ ሳቀባቸው። ከዚያ ወዲህ በከተሜ ፊት አማርኛ አፋቸው ላይ አልዞረም። ስምንት ወር ሙሉ ንቀት ነው እያልኩ ለልጅቷ ስነጫነጭባት ነበር። ይባስ ብሎ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሰፈራችን ዋነኛ ቀልድ ያው «አንቺ» ነበር፤ እኔም ስቄበታለሁ። ያን ቀን ወተቱ አንገቴ ላይ ቆመ።

እና ወንድሜ፣ በሚቀጥለው እሁድ አስተርጓሚህን ቡናው ጋ ላካትና እናትየው አጠገብ ተቀመጥ። «አካም ጅርቱ» በል፤ «ጅርታ» እንዳትል አደራ። ቢስቁብህ አትቀየም፣ አብረህ ሳቅ። ብርጭቆ ይዘው «ዹጋ» ካሉህ ደግሞ መሃላውን ተወውና ጠጣ።