አሮጌው ካሜራ ምን በደለ?

ከባልንጀሮቻችን መካከል ደኅናውን ካሜራ በርካሽ ሸጦ፣ በላዩ ብድር ጨምሮ አዲስ ለመግዛት የሚጣደፍ አይጠፋም። ለመሆኑ አሮጌው ምን በደለ?

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን ኒኮን ዲ700 እንመልከት። ሥዕሉ ወደ 12 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። በኤ4 ወረቀት ላይ አጥርቶ ለማተም ግን ከ9 ሚሊዮን ያነሰ ይበቃል። ፎቶግራፉ ከስልክ መስኮት ለማያልፍ ሰውማ ይህም ትርፍ ነው! እርግጥ ዲ700 ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከቶ አይቀዳም፤ ስለዚህ በዚያ ሙያ እንጀራውን የሚበላ ሰው ቢለውጠው አንፈርድበትም።

የተረፈ ገንዘብ ካለ ለሌንስ ቢውል እንመርጣለን። ካሜራው ሲያረጅ ጥሩ ሌንስ ይቀራልና። በ1980ዎቹ የተሠራ የኒኮን ሌንስ እንኳ በዲ700 ላይ ይገጥማል። በ2018 በወጡት መስተዋት አልባዎቹ የዜድ ካሜራዎች ላይ ግን ያለ ማገናኛ አይገባም። ያውም ከአሮጌዎቹ ሌንሶች ብዙዎቹ በኩባንያው ማገናኛ ቢገጠሙም በራሳቸው አያነጣጥሩም፤ በእጅ ማስተካከል ግድ ነው። ሻጩ የሚነግረን የካሜራውን ዋጋ ብቻ ነው። የማገናኛውንና የአዳዲስ ሌንሶቹን ወጪ ደምሮ ከወር ደመወዝ ጋር ማስተያየቱ የገዢው ፈንታ ነው።