ስለ መረብ ጥበቃና ስለ ሰው ምስጢር

በአሰቦት በኩል የሚያልፈው የቀድሞው የጅቡቲ ምድር ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ የቴሌግራፍ ሽቦውም አብሮ ተዘረጋ፤ በዚያ ሽቦ የተላከውን ቃል የጣቢያው ሠራተኛ እንደሚያነበው ላኪው ራሱ ያውቅ ነበር። ዛሬ ግን በጭሮም ሆነ በሚኤሶ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጥግ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ስዊች (ኮምፒዩተሮችን በመረብ የሚያገናኝ መሣሪያ)፣ አንድ ሁለት መስመር ትእዛዝ ከተጻፈለት፣ በአንዱ ወደብ ማለትም በአንዱ የሽቦ መሰኪያ የሚያልፈውን ሁሉ እየገለበጠ ለሌላው ወደብ ሲያቀብል፣ ባለጉዳዩ ይህን የሚያውቅበት አንዳች ምልክት የለውም።

ባለሙያዎች ፖርት ሚረሪንግ የሚሉት ይህ ሥራ በራሱ ነውር አይደለም። ስዊች መልእክትን ለባለ አድራሻው ወደብ ብቻ የሚያደርስ በመሆኑ፣ መረቡን ያንቀራፈፈውን ወይም ቫይረስ የሚረጨውን ኮምፒዩተር ለይቶ ለማወቅ የሚሻ ሰው ቅጂውን ካላገኘ በጨለማ ይዳብሳል። ይሁን እንጂ የመልእክቱ ይዘት በምስጠራ ቢሸፈንም እንኳ፣ ማን ከማን ጋር በስንት ሰዓት እንደተገናኘ ከቅጂው ይነበባል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ደብዳቤንና ስልክን ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት ከመደፈር ጠብቋል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በዚህ ላይ ተጨምሯል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ቅጂው ከመወሰዱ አስቀድሞ ማን፣ ስለ ምን ምክንያት፣ እስከ መቼ እንደሚመለከተው በጽሑፍ ይወስኑ፤ ሠራተኛውም ይነገረው።