ኩርፊያ በዶርም ውስጥ

ከትምህርት ሚኒስቴር የሚወጣው ምደባ ከየክልሉ ያሰባስበንና በአንድ ዶርም ያሳድረናል። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር የሚወስነው የስም ዝርዝር ነው እንጂ ፈቃዳችን አይደለም። ይሁንና ወር ሳይሞላ፣ ስሙን በቅጡ መጥራት ያቃተን ልጅ ከቤቱ የመጣለትን በሶ ያካፍለናል፤ ስንታመም ክሊኒክ ያደርሰናል፤ ገንዘብ ሲያልቅብን ሳንጠይቀው ያበድረናል። ወዳጅነት በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ሲሠራ አይተናል።

የሚፈርሰውም በጥቃቅን ነገር ነው። በእኛው ዶርም ሁለት የማይለያዩ ወዳጆች ነበሩ። አንደኛው በፈተና ዋዜማ ካልኩሌተሩን አዋሰ፤ ሳይመለስለት ቀርቶ ባዶ እጁን ፈተና ገባ። ነገሩ በአንድ «ይቅርታ» የሚያልቅ ነበር። በዳዩ ግን በቀልድ ሊያልፈው ፈለገ፤ ተበዳዩም በሰው ፊት ተሣቀብኝ ብሎ አኮረፈ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣ ጀመር። እኛ አራታችንስ? «ጣልቃ አንግባ፣ ይበርድላቸዋል» እያልን ዝም አልን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ጸጥታው ተመችቶን ነበር።

አንድ ሌሊት ከተበዳዩ ቤተ ሰብ ለአንዳችን ስልክ ተደወለ፤ አባቱ ዐርፈዋል። መርዶ በስልክ አይነገርምና ዘመዶቹ «አባትህ ታመዋል በሉት፤ ሰው አስከትላችሁም ላኩልን» አሉን። ከመካከላችን ቤቱን የሚያውቅ፣ በበዓል ሄዶ ከእናቱ እጅ የጎረሰ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እርሱም ያ የተኳረፈው ወዳጁ ነው። ስንነግረው ምንም ሳይመልስ ጫማውን አደረገ። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። ኋላ እንዳጫወተን ከሁሉ የከበደው ሐሰት መናገሩ አልነበረም፤ «ከሰው ሁሉ አንተ ለምን መጣህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ማጣቱ ነበር።

ታረቁ። ነገር ግን ያስታረቃቸው ሞት ነው እንጂ እኛ አይደለንም፤ በዚህም እናፍራለን።

አባቶቻችን ኩርፊያን ለጊዜ አይተዉትም። ሽማግሌ ይገባል፤ ሁለቱንም ለየብቻ ይሰማል፤ ከዚያም ፊት ለፊት ያገናኛል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ሽምግልና ጉድለት የለበትም ግን አንልም። «ለእኛ ስትል ተወው» ተብሎ የተዳፈነ በደል ብዙ ነው፤ በተለይ እኅቶቻችን ይህን ያውቁታል። በዳይ ጥፋቱን በአፉ ሳይናገር ተበዳይን ጉንጭ ማሳሳም ዕርቅ አይባልም።

በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ይህ ሁሉ ከካልኩሌተር የመጣ ነው አንልም። ነገር ግን በማይነጋገር ዶርም ውስጥ የግል ቅሬታ የብሔር ስም እንዲለብስ አንድ ወሬ ይበቃዋል። የእኛዎቹም ሁለቱ ከየት ከየት እንደ መጡ እየቈጠሩ «ድሮስ!» የሚሉ ከጎረቤት ዶርም አልጠፉም ነበር።

ኅብረቱ የዕርቅ ኮሚቴ ያቋቁም ብለን አንጠይቅም፤ ኮሚቴስ በዝቶልናል። የምንጠይቀው ከሁለቱም ጋር የሚነጋገረውን ሦስተኛውን ልጅ ነው። ሳምንት ሳያልፍ በዳዩን ለብቻው ወደ ሻይ ቤት ወስዶ «አጥፍተሃል» ይበለው፤ ይቅርታውም ዶርሙ ሁሉ በተሰበሰበበት ሳይሆን ሁለቱ ብቻቸውን ባሉበት ይሁን። መምህራንም ተማሪ «የምሠራበት ቡድን ይቀየርልኝ» ብሎ ሲመጣ ስሙን ከማዛወራቸው በፊት ምክንያቱን ቢጠይቁት ደስ ይለናል። እኛን ማንም አልጠየቀንም ነበር።