ብረት የተነፈገ ደም

በካራቆሬና በይፋት ቆላ ፊቱ የገረጣ ሕፃን ሲታይ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ቀጥሎም የአንጀት ትልና የምግብ ጉድለት። ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ታክሞ፣ የብረት መድኃኒቱንም ለወራት ወስዶ ደሙ አልሞላ ያለ ሕፃን ቢኖር፣ እናቲቱን «አላጠጣሽውም» ብሎ መውቀስ አይገባም።

ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም ብረት ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፍበትን በር ይዘጋል። ብረት ሲጎድል በሩ ሊከፈት ይገባው ነበር፤ በጥቂት ሕፃናት ግን ከፍጥረታቸው እንደ ተዘጋ ይቀራል። ምክንያቱ ቲ.ኤም.ፒ.አር.ኤስ.ኤስ.6 የተባለው ዘረ መል መበላሸቱ እንደ ሆነ የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ነው። ለእንዲህ ያለው ሕፃን የሚዋጠው ብረት እምብዛም አይጠቅመውም፤ በደም ሥር የሚሰጠው ግን በከፊል ይረዳዋል። መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ በቤት መጠኑን መጨመርስ? ብረት ሲበዛ ለሕፃን መርዝ ነው።

ሕመሙ የሚወረሰው የተበላሸው ዘረ መል ከአባትም ከእናትም ሲገኝ ነው፤ ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ሳሉ የእያንዳንዱ ልጅ ዕጣ ከ4 አንድ ነው። ዘመዳሞች ሲጋቡ ይበረታልና፣ አባቶቻችን ሰባት ቤት መቁጠራቸው በዚህም በኩል ጠቅሟል። ዳሩ ግን ከባዕዳንም ጋብቻ ይወለዳል። ስለዚህ ወላጆች ለሐኪሙ ሕፃኑ መድኃኒቱን ስንት ወር እንደ ወሰደ፣ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹም እንዲሁ የገረጣ መኖሩን ይንገሩት።