የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል



እንደሚታወቀው መተማ ዮሐንስ የጠረፍ ከተማ እንደመሆኗ መጠን ከገላባት የሚሻገረው ዕቃ ለኑሯችን እንግዳ አይደለም። ሳሙናው፣ ብስኩቱ፣ ሽቶው፣ አንሶላው ድሮም ነበረ፤ ወደፊትም ይኖራል። ኑሮ በተወደደበት በአሁኑ ጊዜ ሰው ርካሽ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ስለዚህ አሳባችን የውጭ ዕቃ አይገዛ ለማለት ሳይሆን፣ የሰፈራችን ትንንሽ ሱቆች ሳናውቀው በእጃችን እንዳይዘጉ ለማሳሰብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገራችን ሰሊጥ አብቃይ ነው። በክረምት ለአረምና ለሳሉጉ ቀለብ ወጪ እንጂ ገቢ የለም። በዚያን ጊዜ ዘይቱንም ስኳሩንም በዱቤ መዝገብ ጽፎ የሚሰጠን የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ሰሊጡ ተሸጦ ብር ሲገኝ ግን ብዙዎቻችን ወደ ትልልቁ መጋዘን፣ አለዚያም ወደ ኮንትሮባንዱ ዕቃ እንሮጣለን። በጥሬው ከሌላ፣ በዱቤው ከጎረቤት! ታዲያ ባለሱቁ በምን ይነግድ? ከጎንደር 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አስጭኖ የሚያመጣውን ዕቃ የሚተካው በጥሬ ብር እንጂ በመዝገብ ላይ በተጻፈ ስም አይደለም።

ጠረፍ ደግሞ ይዘጋል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የገላባት በር በሱዳን በኩል ተዘግቶ ሐምሌ ላይ ነው የተከፈተው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ንግዱ ተናግቶ፣ በዚሁ በር በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነፍሱን ይዞ ገባ። የማዶው ዕቃ ሲቀር የሚቀረን የጎረቤት ሱቅ ነው፤ እሱም ካለ።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮና የጅምላ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። የፈረንሳዩ ካርፉርም እ.ኤ.አ. በ2025 ከሚድሮኩ ኩዊንስ ሱፐርማርኬት ጋር መዋዋሉ ተሰምቷል። ትልቅ ነጋዴ ሲመጣ ግን ዝም ብሎ መመልከት ብቻ አይደለም ያለው። የአሜሪካው ዋልማርት እ.ኤ.አ. በ2011 የደቡብ አፍሪካውን ማስማርት ሲይዝ የሠራተኛ ማኅበራት ተከራከሩ፤ በ2012ም ፍርድ ቤት ለአገር ውስጥ አቅራቢዎች ማጠናከሪያ ገንዘብ እንዲመደብ ወሰነ። ይህም የሆነው ሰዎቹ ቀድመው ተሰባስበው ስለነበር ነው።

ለባለሱቆቻችንም የምንለው አለን። ዱቤ ጠያቂው ሲቸገር አይቶ ዋጋ መጨመር ጉርብትና አይደለም። ዋጋችሁን በግልጽ ለጥፉ። በቆላችን ሙቀት ዘይትና ብስኩት ቶሎ ስለሚበላሽ ጊዜው ያለፈበትን ከመደርደሪያ አውርዱ። እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ጥቂት ካርቶን ከምታስጭኑ፣ አራት አምስት ሆናችሁ ባንድ መኪና ብታስመጡ የማመላለሻው ወጪ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ከመጋዘኑ ጋር ይቀራረባል።

እኛ ነዋሪዎችም፤

የክረምቱን ዱቤ ሰሊጥ እንደሸጥን፣ ቢዘገይ እስከ ኅዳር መጨረሻ እንክፈል።

ጥሬ ብር በያዝንበት ወራትም ከወር አስቤዛችን ግማሹን እንኳ ከሰፈር ሱቅ እንግዛ።

ርካሽ ነው ተብሎ መድኃኒትና የሕፃን ወተት ከመንገድ ዳር አንግዛ። በሳሙና መታለል የብር ጉዳይ ነው፤ በመድኃኒት መታለል ግን የነፍስ ነው።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ቅርብ በመሆኑ ብቻ የናቅነው ሱቅ ከተዘጋ፣ በሐምሌ ዝናብ የሕፃን እራት ሲጎድል የማንን በር እናንኳኳለን? በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ባለሱቆችም ነዋሪዎችም ተገኝታችሁ እንድንመክርበት በአክብሮት እናሳስባለን።

የማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጅ ክፍል