ሥዕሉ ቁጥሩን ሲነካ

የሂስቶግራምን መስመር ማወፈር፣ ቀለሙን መለወጥ፣ ዘንጉን ማጥበብ ብዙዎች ዘንድ እንደ ማስዋብ ይቆጠራል። ስሌቱ አልቋል፣ የቀረው ለዓይን ማሳመር ነው ይባላል። በቅንጣት ፊዚክስ ተመራማሪዎች ዘንድ በስፋት በሚሠራበት፣ ሩት በተባለው የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ግን ይህ አስተሳሰብ አደገኛ ነው። እዚያ ሥዕል ማስተካከል ቁጥር ሊለውጥ ይችላል። ጥፋቱም ከተጠቃሚው ይልቅ የንድፉ ነው ባይ ነኝ።

ሩትን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሴርን የጀመሩት ሬኔ ብሩንና ፎንስ ራደማከርስ ናቸው። ከእሱ በፊት ይሠራበት የነበረው ፖው በፎርትራን የተጻፈ ነበር። ሩት በሲ ፕላስ ፕላስ ሲመጣ በዘመኑ የገነነውን ሐሳብ ይዞ መጣ፦ ኦብጀክት ራሱን መሣል ይወቅ። ስለዚህ የሂስቶግራሙ ክላስ ቆጠራውን ብቻ አይዝም፤ የመስመር፣ የሙሌትና የምልክት ባሕርያትንም ከሌሎች ክላሶች ይወርሳል። ቀይ መስመር የመረጠ ሰው ፋይሉን ሲያስቀምጥ ቀለሙም ከቆጠራው ጋር አብሮ ይቀመጣል። በአንድ ትእዛዝ ወዲያው ሥዕል ማየት መቻሉ ለተመራማሪው ትልቅ እፎይታ እንደነበር አልክድም።

በቀለሙ ብቻ ቢቀር ኖሮ ባልተከራከርኩ። ጉዳቱ ያለው ዘንጉ ላይ ነው።

ከ0 እስከ 200 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት የተዘረጋ፣ 10,000 ክስተቶች የያዘ ሂስቶግራም አለን እንበል። ከ100 እስከ 150 ያለውን ጠጋ ብለን ለማየት ዘንጉን በማውስ እናጠባለን። እዚያ ውስጥ የሚታዩት 2,500 ክስተቶች ናቸው። ቀጥለን ከሌላ ሂስቶግራም ጋር ለማነጻጸር፣ ድምሩ 1 እንዲሆን በጠቅላላ ድምሩ እናካፍለዋለን። ሩት ድምሩን ሲጠየቅ የሚመልሰው ግን የሚታየውን 2,500 ብቻ ነው። ዘንጉ ወደ ቦታው ሲመለስ የሂስቶግራሙ ድምር 4 ሆኖ ይገኛል። አማካዩም ቢሆን በጠበበው ክልል ውስጥ ካሉት መደቦች (ቢኖች) ብቻ ይሰላል። ማስጠንቀቂያ የለም። ኮዱ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ሥዕሉም ያማረ ሆኖ ይወጣል።

መመሪያው ላይ ተጽፏል የሚሉ አሉ። አዎ፣ ተጽፏል። ነገር ግን ማንም ሰው ግራፍ ጠጋ ብሎ ለማየት መመሪያ አይገልጥም፤ መመልከት ልኬትን ይቀይራል ብሎም አይጠረጥርም። የሚታየውን ክልል ብቻ መደመር ይጠቅማል የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ሚዛን ይደፋል። ይሁን እንጂ ያን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መደብ ቁጥር ሰጥቶ መጠየቅ ይችላል፤ መንገዱ እዚያው ሩት ውስጥ አለ። ምንም ገደብ ያልሰጠ ሰው ሙሉውን ሊያገኝ ይገባው ነበር።

ሁለት ሂስቶግራሞችን ስንደርብም ቋሚው ዘንግ የፊተኛውን ልክ ይዞ ይቀራል። ኋለኛው ከፍ ያለ ከሆነ ጫፉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ተመራማሪው የሚፈልገው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያን ጫፍ ነው። የሥዕል ስልቱ የሚቀመጥበት የጋራ ተለዋዋጭም አንዱ ኮድ የቀየረውን ለሚቀጥለው ያወርሳል።

ሌላ መንገድ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2019 ቡስት ከተባለው የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪዎች ስብስብ ጋር የወጣው የሂስቶግራም ላይብረሪ አሳይቷል። እሱ ይቆጥራል እንጂ አይሥልም፤ ሥዕሉን ለሌላ መሣሪያ ይተዋል። ሩትን ግን ነገ ከነገ ወዲያ የሚተወው የለም፤ የዓመታት መረጃና ኮድ በእሱ ታስሯል። ስለዚህ ተማሪዎችን የምታሠለጥኑ፣ ከነባር ተማሪ የተወረሰ የማሳመሪያ ኮድ ሰጥታችሁ አትለፏቸው። ሂስቶግራሙን ራሱን ከመሣል ይልቅ ቅጂውን የሚሥለውን ትእዛዝ አስተምሯቸው፤ በማውስ የሚጠበው ያኔ ቅጂው ብቻ ይሆናል። ድምር ሲጠይቁም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መደብ ሁልጊዜ በግልጽ ይጻፉ።